በሬው ሳይሸጥ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ወሎ ደላንታ ያሉት ወላጆቼ በልጉ እምቢ ካላቸው ቆየ። የአየር ንብረት ለውጥ ስደተኛ ተብለው እኔ ጋ የሚመጡበት መንገድ አለ ወይ?» ነው ያልሽው። አጭሩን ላስቀድም፤ በዚያ ስም የሚሰጥ ጥገኝነት የለም። ረጅሙ የራሴ ታሪክ ስለሆነ ትንሽ ታገሽኝ።

እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። በ77 ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስለዚያ ዘመን የሚያወራ ሰው ሁሉ ዝናቡን ያነሳል። እኔ ግን አልረሳ ያለኝ ገበያው ነው። መጀመሪያ ፍየሎቹ ሄዱ፣ ከዚያ ጊደሯ። በሬዎቹን አባቴ እስከ መጨረሻው ያዛቸው። እናቴ የጣሪያውን ሣር እየመዘዘች ትመግባቸው ነበር። ወገልጤና ገበያ ሲያወጣቸው አገሩ ሁሉ በሬ ይዞ ወጥቷል። ገዢ የለም። እህል ያለው ደግሞ ጥቂት ሰው ነው፣ ዋጋ የሚቆርጠውም እሱ ነው። አባቴ ሁለት በሬ ሸጦ የገዛውን እህል በአንድ ትከሻው ተሸክሞ ገባ። የተሰደድነው ያን ቀን ነው። እግራችን የወጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው እንጂ። (ረሃቡን ድርቅ ብቻውን አላመጣውም፤ ጦርነቱም የደርግ ነገርም አለበት። እሱን ሌላ ቀን።)

የበሽሎን ገደል ወርደን ወጥተን ደሴ ደረስን። መጠለያው ውስጥ ካድሬ መጣና ለሰፈራ መዘገበን። ለም መሬት፣ የማያቋርጥ ዝናብ አለ አለን። ዝናቡን በተመለከተ አልዋሸም። በዚያ ሰፈራ ከአንድ ዓመት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ወደ ስድስት መቶ ሺህ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጋዘ። የእኛ ዕጣ ፓዌ ሆነ። መንደሮቹ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ነው። እኛ ደገኞች ነን፣ ወባን በስም እንኳ አናውቃትም። ታናሽ እህቴን በሁለተኛው ወር ወሰደቻት። ከብት ልናረባ ብንል ገንዲ የሚባል ከብት ገዳይ በሽታ አለ። መሬቱም ባዶ አልነበረም፤ ጉሙዞች ለዘመናት የኖሩበት ነው። ትራክተር ጫካቸውን ሲመነጥር ዳር ቆመው ሲያዩ አስታውሳለሁ። እኛ ተፈናቀልን ስንል እነሱ ደግሞ በእኛ ተፈናቀሉ። ይሄን በልጅነቴ አልገባኝም ነበር፣ አሁን ሲገባኝ ያሳፍረኛል።

ደርግ ሲወድቅ ተመለስን። ማሳችን ለሌላ ሰው ተደልድሏል። አባቴ የገዛ አባቱን ማሳ ከጎረቤቱ በእኩል ይዞ አረሰ። እስኪሞት ድረስ።

ወደ ሕጉ ልምጣ። አሜሪካም አውሮፓም ጥገኝነት የሚሰጡት በ1951ዱ (እ.ኤ.አ.) የስደተኞች ስምምነት መሠረት ነው። ምክንያቶቹ አምስት ናቸው፤ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የፖለቲካ አመለካከት እና የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነት። አሳዳጅ ያስፈልጋል፣ ድርቅ ደግሞ አሳዳጅ አይባልም። የኪሪባቲ ደሴት ሰው የሆነው ዮዋኔ ቴይቲዮታ ባሕሩ አገሬን እየበላ ነው ብሎ ኒውዚላንድ ላይ ሞክሮ ተሸንፏል። ጉዳዩን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ ድረስ ወሰደው። በ2020 ይፋ የሆነው ውሳኔም አልደገፈውም። ሆኖም ሕይወቱ በእርግጥ አደጋ ላይ የሚወድቅን ሰው ወደዚያ መመለስ ወደፊት ሊከለከል እንደሚችል ተናገረ። በር ተከፈተ ከተባለ በጣም ጠባብ በር ነው። ሌላዋ ደሴት አገር ቱቫሉ ከአውስትራሊያ ጋር በ2023 ተፈራርማ በዓመት 280 ሰው እንዲገባ አስፈቅዳለች፤ እሱም የሁለት አገሮች ውል ነው፣ ለኛ አይሆንም። ስለዚህ «የክላይሜት ኬዝ እሠራልሻለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ገንዘብሽን ያዢ።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። በድርቅ የሚወጣ ሰው አብዛኛው ድንበር አይሻገርም። ደቡብ ኦሮሚያ ያለው ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲቀር አርብቶ አደሩ የሄደው እዚያው አቅራቢያ ወዳሉ መጠለያዎች ነው። አገር ውስጥ ለተፈናቀለ ሰው የካምፓላ ስምምነት የሚባል አለ። የአየር ንብረት ለውጥን በስም ይጠቅሳል፣ ኢትዮጵያም በ2020 አጽድቃዋለች። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ወላጆችሽን ግን ወረቀት አያበላቸውም።

እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ገንዘቡን የምልከው ከብት ሳይሸጥ ነው። ከተሸጠ በኋላ የምትልኪው እጥፍ ቢሆን እንኳ ያው እህል ሆኖ ያልቃል። የመሬት ደብተራቸው የት እንዳለ አጣሪ፣ ፎቶውን አስልኪ። ትተው የሚወጡ ከሆነም መሬቱን በጽሑፍ ውል ያከራዩና ቀበሌ ያስመዝግቡት፤ ጥሎ የጠፋ ሰው መብቱን ሊያጣ ይችላል። ከወንድሞችሽ አንዱ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሙያ ቢማር ደግሞ ቤተሰቡ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚያርፍበት ጣሪያ ይኖረዋል። ሁሉም አንድ ላይ አይውጣ። እኛ ሁላችንም ወጥተን ነው ማሳውን ያጣነው።

እሑድ ስትደውዪ ዝናቡን አትጠይቂያቸው። «ተመስገን፣ ደህና ነው» ነው የሚሉሽ። በረት ውስጥ ስንት ከብት እንደቀረ ጠይቂ፤ እነሱ ከደበቁሽ ጎረቤት ደውዪ።