ሰንሰለቱን ማን ፈታው? ስለ አእምሮ ሕመም ታሪክ ጥያቄና መልስ

ሐዋሳ ውስጥ ለረጅም ጊዜ በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ሠርቻለሁ። ስለ ሙያው ታሪክ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የደረሱኝን እነሆ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ድሮ የአእምሮ ሕመምተኛ ሁሉ ይታሰር ነበር?

መልስ፦ ኧረ ሁሉ አይደለም። ካይሮ ላይ በ1284 የተሠራው የሱልጣን ቃላውን ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል ነበረው። ጌል በምትባል የቤልጂየም ከተማ ደግሞ ቤተሰቦች ሕሙማንን ቤታቸው ተቀብለው ማኖር የጀመሩት በመካከለኛው ዘመን ነው፤ ዛሬም አልተውትም። ኋላ የመጣው ሁሉ የተሻለ አልነበረም፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ሰው ቤተልሔም ሆስፒታል እየገባ በሕሙማን ይዝናና ነበር።

ጥያቄ፦ ሰንሰለቱን የፈታው ፒኔል ነው አይደል?

መልስ፦ ዝናው ለሐኪሙ ለፒኔል ሆነ እንጂ፣ በፓሪሱ ቢሴትር ሆስፒታል በ1797 ሰንሰለቱን ያስቀረው ዣን ባቲስት ፑሳን ነው። ሐኪም አልነበረም። በዚያው ሆስፒታል ታክሞ ድኖ እዚያው ተቀጥሮ የቀረ የሕሙማን ኃላፊ ነበር። ቀን ከሌት አብሯቸው ስለሚውል ያወቃቸው እሱ ነው። ነርስ ነኝና ይህ ስም እንዲረሳ አልፈልግም።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱስ መቼ መጣ?

መልስ፦ ከልክ ያለፈ የስሜት መናርን የሚያበርደው ሊቲየም በ1949፣ የሌለ ነገር መስማትንና ማየትን የሚያስታግሰው ክሎርፕሮማዚን በ1952። አንጎልን ለሚቆርጠው ቀዶ ሕክምና የኖቤል ሽልማት የተሰጠውም በዚያው በ1949 ነው፤ ባሰብኩት ቁጥር ያመኛል።

ጥያቄ፦ ወደ አገራችን እንምጣ። ወላጅ እንዴት ልጁን ያስራል?

መልስ፦ አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ፣ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ለገጠር ሰው እዚያ መድረስ ቀላል አልነበረም።

አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ሰንሰለቱ ቁርጭምጭሚቱን እንዳይልጠው ከነጠላቸው ቀድደው ጠቅልለውበታል። ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረውታል። ልጁ ሌሊት እየወጣ አስፋልት መሐል ይቆም ነበር አሉኝ። እኚህን እናት ጨካኝ አልልም። አማራጭ ስላልሰጠናቸው አሰሩት። ሕክምና ጀምሮ ሲረጋጋ በገዛ እጃቸው ፈቱት።

ጥያቄ፦ ጠበልና ክኒን አብሮ ይሄዳል?

መልስ፦ ይሄዳል። ጠበሉን ተው አልልም፤ ጠበል ጀምሬያለሁ ብሎ ክኒን ማቋረጥ ግን ሕመሙን ይመልሰዋል።

ጥያቄ፦ ጎረቤታችን ልጃቸውን አስረውታል። ለፖሊስ ልናገር?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቤታቸው ገብተሽ አናግሪያቸው። ከዚያ ጤና ጣቢያ ጠይቁ፤ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ናይጄሪያዊው ሐኪም ላምቦ በ1954 በአገሩ አሮ በሚባል ቦታ ባለው የአእምሮ ሆስፒታል ሥራ ሲጀምር፣ ሕሙማኑ ከዘመድ ጋር በአካባቢው መንደሮች እያደሩ ይታከሙ ነበር። እናንተም ልጁን ብቻውን አትላኩት፤ አንድ የቤት ሰው አብሮት ይሂድ። መድኃኒቱ እስኪይዝለት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ እስከዚያ ጎረቤቱ ሌሊቱን በተራ ይጠብቅላቸው። ብቻቸውን ከሆኑ እንቅልፍ ሲያሸንፋቸው ተመልሰው ያስሩታል።