አንባብያን ይጠይቃሉ፦ የሥልጣኔ ጥናት ማዕከል ምን ሊሠራ ይቋቋማል?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ጥንታዊ ሥልጣኔዎችን የሚያጠኑ ለትርፍ ያልቆሙ የምርምር ማዕከላትን የሚመለከቱ ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ጥንታዊ ሥልጣኔዎችን የሚያጠና ማዕከል ለማቋቋም ስድስት ሆነን ተሰባስበናል። ሐሳቡን ያካፈልናቸው ሰዎች ግን «ሙዚየም አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ እናንተ ምን ልትጨምሩ ነው?» ይሉናል። የእንዲህ ያለ ማዕከል ዓላማ በትክክል ምንድን ነው?

መልስ፦ ሰዎቹ የጠየቋችሁ ተገቢውን ጥያቄ ነው፤ መልሱን ሳትይዙ ፈቃድ ለማውጣት አትቸኩሉ። ሙዚየም ዕቃውን ጠብቆ ለሕዝብ ያሳያል። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ምርምሩም ከመምህሩ ጋር የታሰረ ስለሆነ መምህሩ ጡረታ ሲወጣ የቁፋሮው ማስታወሻ፣ ፎቶግራፉና ንድፉ በካርቶን ታሽጎ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በሁለቱ መካከል ባለቤት ያጣ ሥራ አለ፦ የተገኘውን ሁሉ መመዝገብ፣ ከሌላ ቦታ ግኝት ጋር ማነጻጸር፣ በጊዜው ማሳተም፣ ከዚያም የማያውቃችሁ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ መጥቶ ድምዳሜያችሁን ከሥሩ እንዲፈትሸው አድርጎ ማስቀመጥ። የማዕከል ዓላማ ይህ ነው።

ይህ ሥራ ሲጓደል ምን እንደሚሆን የክኖሶስ ጽላቶች በደንብ ያሳያሉ። እንግሊዛዊው የቁፋሮ ተመራማሪ አርተር ኢቫንስ በ1900 በቀርጤስ ደሴት፣ ክኖሶስ በተባለው የጥንት ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ላይ መቆፈር በጀመረ በሳምንት ገደማ፣ ጽሕፈት ያለባቸው የሸክላ ጽላቶች ማውጣት ጀመረ። ከጽሕፈቶቹ አንዱን «ሊኒያር ቢ» ብሎ ሰየመው። ጽላቶቹ ሆን ተብሎ በእሳት የተጠበሱ አልነበሩም፤ ለዘመናችን የደረሱት ሕንፃው ሲቃጠል እሳቱ ስላጠነከራቸው ነው። ኢቫንስ ግን በሕይወቱ ያሳተመው ጥቂቱን ብቻ ነበር። በ1941 አረፈ፤ የቀረው ክምችት በመጽሐፍ የወጣው በ1952 ነው። በመካከሉ ያሉት ተመራማሪዎች የሠሩት በእጃቸው በገባችው ጥቂት ቅጂ ነው። አሊስ ኮበር በዚያችው ጥቂት ጽሑፍ የቃላቱ መጨረሻ በሥርዓት እንደሚለዋወጥ አሳይታ፣ ፍቺውን ሳታይ በ1950 ሞተች። በ1939 በዋናው የግሪክ ምድር፣ በፒሎስ የተገኙት ሌሎች ጽላቶች ቅጂ በ1951 ሲታተም ማይክል ቬንትሪስ የሚያነጻጽረው በቂ ጽሑፍ አገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ቋንቋው ጥንታዊ ግሪክኛ መሆኑን አሳወቀ። ጽላቶቹ የበግ ቆጠራ፣ የሱፍና የዘይት መጠን፣ የሠረገላ መንኮራኩር ዝርዝር፣ ባጭሩ የቤተ መንግሥት ንብረት መዝገብ ሆነው ተገኙ።

ከቁፋሮ እስከ ፍቺ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። ለመዘግየቱ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፤ ጽሑፉ በአንድ ሰው እጅ መቆየቱ ግን ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ስለዚህ «እናንተ ምን ትጨምራላችሁ?» ሲሏችሁ «በእጃችን የገባ ማስረጃ በሁለት ዓመት ውስጥ ለማንም ይከፈታል» ማለት ከቻላችሁ በቂ መልስ አላችሁ። ያን ማለት ካልቻላችሁ ያሰባችሁት የመወያያ ማኅበር ነው፤ እርሱም ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ማዕከል አይባልም።

ጥያቄ፦ «ለትርፍ ያልቆመ» ማለት ደመወዝ አይከፍልም፣ ለአገልግሎቱም አያስከፍልም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ደመወዝ ይከፍላል፣ መጽሐፍ ይሸጣል፣ ለሥልጠና ሊያስከፍል ይችላል። የሚከለከለው ከወጪ የተረፈውን መሥራቾችም ሆኑ የቦርድ አባላት መከፋፈል ነው። ትርፉ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ማዕከሉ ቢዘጋ እንኳ ንብረቱ ተመሳሳይ ዓላማ ላለው ተቋም ይተላለፋል እንጂ ወደ ግለሰብ ኪስ አይገባም። ዝርዝሩን በየአገሩ ያለው ሕግ ይወስነዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ባለሀብት የማዕከላችንን የሦስት ዓመት ወጪ እሸፍናለሁ ብሎናል። ውጤቱ ከመታተሙ በፊት ግን እርሱ እንዲያጸድቀው ይፈልጋል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ገንዘቡን በዚህ ቅድመ ሁኔታ አትቀበሉት። ለምን እንዲህ እንደምንል በዛሬዋ ዚምባብዌ የሚገኘውን የጥንት የድንጋይ ከተማ፣ የታላቋ ዚምባብዌን ታሪክ ተመልከቱ። በ1891 ቴዎዶር ቤንት ያንን የድንጋይ ከተማ ሲቆፍር ከደጋፊዎቹ አንዱ አካባቢውን በቅኝ ግዛት የያዘው የሴሲል ሮድስ ኩባንያ ነበር። ቤንት ሠሪዎቹ ከውጭ የመጡ ሕዝቦች ናቸው ብሎ ጻፈ፤ ለኩባንያው የሚስማማ መልስ ነበር። የባሰው ቀጥሎ መጣ። ከ1902 እስከ 1904 ቅርሱን እንዲጠብቅ የተሾመው ሪቻርድ ሆል፣ ላይኛውን የአፈር ንጣፍ ኋላ የሰፈሩ አፍሪካውያን የተዉት ፍርስራሽ ነው በሚል አስጠርጎ ጣለው። የሠሪዎቹ ማስረጃ ያለው በዚያ ንጣፍ ውስጥ ነበር። የተሳሳተ ጽሑፍ በሌላ ጽሑፍ ይታረማል፤ የተጠረገ ንጣፍ ግን ተመልሶ አይነጠፍም።

በ1905 ዴቪድ ራንዳል-ማካይቨር ከተማው የአፍሪካውያን ሥራ ነው አለ። በ1929 ጌርትሩድ ካተን-ቶምሰን ያልተነካ ንጣፍ ፈልጋ፣ ከግንቡ ሥር ቆፍራ ይህንኑ አረጋገጠች። እንዲያም ሆኖ በሮዴዢያ (ዚምባብዌ በነጮች ስትገዛ የነበራት ስም) መንግሥት ዘመን ባለሙያዎች እውነቱን አለዝበው እንዲያቀርቡ ጫና ይደረግባቸው ነበር።

ለባለሀብቱ ልታቀርቡለት የምትችሉት ይህን ነው። ረቂቁን ከኅትመት 30 ቀን በፊት ያንብብ፣ አስተያየቱን በጽሑፍ ይስጥ፣ ስሙም በመጽሐፉ ላይ በምስጋና ይጠቀስ። የመሻር መብት ግን አይኑረው። ይህ በንግግር ሳይሆን በውሉ ውስጥ ራሱን የቻለ አንቀጽ ሆኖ ይግባ። ከአንድ ለጋሽ የሚመጣው ገንዘብ ከዓመቱ በጀት ከሲሶ እንዳይበልጥም እንመክራለን። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ሰው ገንዘብ የኖረ ማዕከል በአራተኛው ዓመት እምቢ ለማለት አቅም አይኖረውም። ቢያንስ የስድስት ወር ወጪ የሚሸፍን፣ ለአንድ ፕሮጀክት ያልታሰረ መጠባበቂያ ያዙ። ብዙ ማዕከል የሚወድቀው ጠቅላላ ገንዘብ አጥቶ ሳይሆን ያለው ገንዘብ በሙሉ ለፕሮጀክት ታስሮ የመብራትና የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ክፍያ ሲያጣ ነው።

ጥያቄ፦ በመተዳደሪያ ደንባችን የዓላማ አንቀጽ ላይ «የጥንቱን ሥልጣኔ ገናናነት ለዓለም ማሳወቅ» ብለን ጽፈናል። ይበቃል?

መልስ፦ ይህ አንቀጽ መልሱን አስቀድሞ ይዟል። ገናና መሆኑን ካወቃችሁ ምን ልታጠኑ ነው? ረሃቡን፣ ባርነቱን፣ የከሸፈውን ግድብ ስታገኙ የት ልታስገቡት ነው? አንቀጹ አራት ነገሮችን ይመልስ፦ የትኛውን ዘመንና አካባቢ፣ ምን ጥያቄ፣ በምን ዘዴ፣ ውጤቱ ለማን። ለምሳሌ እንዲህ ይጻፍ፦ «ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3000 እስከ 1000 ባለው ጊዜ በወንዝ ዳር የተነሡ ከተሞች ውኃና እህል እንዴት ያስተዳድሩ እንደነበር በቁፋሮ፣ በጽሑፍና በአፈር ምርመራ ማጥናት፤ የተሰበሰበውን ማስረጃ በሁለት ዓመት ውስጥ ያለ ክፍያ ክፍት ማድረግ።» ጠባብ ይመስላል፤ ለስድስት ሰው ግን የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፦ «ክፍት» ስትሉ ጥበቃ የሌለውን ቦታ ትክክለኛ መገኛ ቁጥር አትጨምሩ። ዘራፊም ያነብበዋል። የአካባቢውን ጥቅል ስም አትሙ፤ ዝርዝሩን ለሚጠይቅ ተመራማሪ በፊርማ ስጡ።

ጥያቄ፦ ጽሑፍ ያልነበረው ሕዝብ «ሥልጣኔ» ሊባል ይችላል? ብዙ ሥልጣኔዎችን በሰንጠረዥ ማነጻጸርስ ያዛልቃል?

መልስ፦ ጎርደን ቻይልድ በ1950 የመጀመሪያዎቹን ከተሞች የሚለዩ አሥር ምልክቶች ዘርዝሮ ጽሕፈትን ከነዚያ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ዝርዝሩ ዛሬም ይጠቅማል፤ እንደ መታወቂያ ካርድ ከተያዘ ግን በደቡብ አሜሪካ የነበሩትን ኢንካዎች ያስቀራል። ኢንካዎች ሰፊ ግዛት ያስተዳደሩት በፊደል ሳይሆን ኪፑ በሚባል የተቋጠረ ገመድ ቁጥር እየያዙ ነው። ስለዚህ «ሥልጣኔ ነው ወይስ አይደለም?» ከማለት «እህሉን፣ ግብሩን፣ ሰዉን በምን ይቆጥር ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያስገኛል።

ሰንጠረዡ ያዛልቃል፤ አደጋው ባዶዋ ሳጥን ናት። በ2019 በታወቀ የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ክፉን በሚቀጣ አምላክ ማመን የመጣው ማኅበረሰቦች ከተስፋፉ በኋላ ነው የሚል ድምዳሜ አቅርቦ ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች የጥናቱን የመረጃ ሰንጠረዥ ወስደው ሲፈትሹ «አይታወቅም» መባል የነበረባቸው ብዙ ሳጥኖች «አልነበረም» ተብለው መቆጠራቸውን አገኙ። ጽሑፍ ያልነበረው ዘመን ስለ እምነቱ ዝም ማለቱ እምነት አልነበረውም ማለት አይደለም። ጥናቱን በ2021 ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ሰርዘውታል። ስሕተቱ የተያዘው ጥሬ መረጃው ክፍት ስለነበረ መሆኑን ልብ በሉልን። በእናንተ ሰንጠረዥ ውስጥ «ነበረ»፣ «አልነበረም»፣ «ማስረጃ የለም»፣ «ባለሙያዎች አልተስማሙም» የሚሉ አራት የተለያዩ ምልክቶች ይኑሩ። ባዶ ሳጥን አይፈቀድ። ከእያንዳንዱ ምልክት አጠገብ የሞላው ሰውና የሞላበት ቀን ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ለካርቦን 14 ምርመራ ናሙና ልንልክ ነው። ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ምን እንደምትመርጡ አስቡ። ካርቦን 14 ሕያው ነገር ከሞተ በኋላ በውስጡ እየቀነሰ የሚሄድ የካርቦን ዓይነት ነው፤ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ (ግማሽ ዕድሜው) 5,730 ዓመት ነው፤ ዘዴው እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ይሠራል። የሚለካው ግን ሕያው ነገሩ የሞተበትን ጊዜ እንጂ ሰው የተጠቀመበትን ጊዜ አይደለም። ከትልቅ ግንድ እምብርት የተገኘ ከሰል ከቤቱ ግንባታ በመቶዎች ዓመት ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ እህል፣ ቅርንጫፍ፣ ሣር ይሻላል። በፔሩ የካራል ከተማ ግንበኞች ድንጋዩን የተሸከሙት በሸምበቆ ከረጢት ነበር፤ ከነከረጢቱም ግንቡ ውስጥ ጨመሩት። ሸምበቆ በአጭር ጊዜ አድጎ የሚታጨድ ስለሆነ ዕድሜው የግንባታውን ጊዜ ይነግራል። በ2001 የታተመው ውጤት ከተማው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2600 ገደማ ይሠራ እንደነበር አሳየ።

ናሙናውን በንጹሕ የብረት መቆንጠጫ አንሡት። በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሉት፤ ከዚያ በፕላስቲክ ከረጢት ክተቱት፤ መለያ ቁጥሩን በውጭ ጻፉ። ጥጥና ወረቀት ራሳቸው ካርቦን አለባቸውና ናሙናውን አይንኩ። ሙጫ ወይም ማጠናከሪያ የተቀባ አጥንት ያሳስታል፤ መቀባቱን ለቤተ ሙከራው ሳትናገሩ አትላኩ። ዘመናዊው የመለኪያ መሣሪያ ጥቂት ሚሊግራም ካርቦን ስለሚበቃው አንዲት የእህል ፍሬ ልትበቃ ትችላለች። ከአንድ ንጣፍ ግን አንድ ብቻ አትላኩ፤ አይጥ ወይም ሥር ፍሬዋን ከላይ አውርዷት ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ቢስማሙ ይታመናል።

ውጤቱ ሲመጣ ቤተ ሙከራው የሰጠውን መለያ፣ ጥሬውን ዕድሜና የስሕተት ወሰኑን እንዳለ አትሙ። ጥሬው ዕድሜ የሚቆጠረው ከ1950 ወደ ኋላ ነው፤ ወደ ትክክለኛ ዘመን የሚለወጠው በዛፍ ዓመታዊ ቀለበትና በሌሎችም መዛግብት በተሠራ ማስተካከያ ነው፤ ያ ማስተካከያ ደግሞ በየጊዜው ይታደሳል፤ በ2020 ታድሷል። የተስተካከለውን ብቻ ያሳተመ ማዕከል ማስተካከያው ሲታደስ ውጤቱን እንደገና ማስላት አይችልም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ800 እና በ400 መካከል ያለ ናሙና ከሆነ የማስተካከያው መስመር ጠፍጣፋ ስለሆነ የምታገኙት የዘመን ክልል ሰፊ ይሆናል፤ ቤተ ሙከራውን አትውቀሱ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው የጥንት ጽላትና ሐውልት በስጦታ ሊሰጠን ይፈልጋል። እንቀበል?

መልስ፦ ከየት ቦታ፣ መቼና በማን ፈቃድ እንደወጣ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው አትቀበሉ፤ «አያቴ ነበራቸው» ወረቀት አይደለም። ሕገ ወጥ የቅርስ ዝውውርን የሚከለክለው የዩኔስኮ ስምምነት የጸደቀው በ1970 ነው፤ ብዙ ተቋማት ይህን ዓመት መለያ አድርገው ከዚያ ወዲህ ያለ ፈቃድ የወጣ ዕቃ አይነኩም። ከንጣፉ የተነጠለ ጽላት የተጻፈበትን ይነግራችሁ ይሆናል፤ በማን ቤት፣ ከምን ዕቃ ጋር፣ በየትኛው ወለል ላይ ተቀምጦ እንደነበር ግን አይነግራችሁም። ሰውየው ቅን ከሆነ ዕቃው ወደ ወጣበት አገር የቅርስ መሥሪያ ቤት እንዲመለስ ደብዳቤ በመጻፍ እርዱት።