ተራራ ችካል ነው የሚለውን የቁርኣን አያ (አንቀጽ) በጂኦሎጂ ልከራከርበት ወይ?

ወዐለይኩም ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ እንዲህ ነው። ሱረቱ አን-ነበእ ምድርን ምንጣፍ፣ ተራሮችንም ችካል እንዳደረገ አላህ ይናገራል። ጂኦሎጂ ደግሞ ተራራ ከመሬት በታች ሥር አለው ይላል። «ሳይንሳዊ ተአምር ነው ብዬ የዶርም ጓደኞቼን ልርታቸው?» ነው ያልሽው።

እኔ ያደግኩት አዲስ ዓለም ነው፤ አሁን እዚሁ ጎንደር ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ይህ ጥያቄ ከክፍልም ከመስጊድ ደጅም በየጊዜው ይመጣብኛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ ለክርክር አታውጪው። አያው ምንም አልጎደለው፤ ክርክሩ ነው የማያዛልቀው።

ሥር የሚባለው ነገር መኖሩ እውነት ነው። እንግሊዞች ሕንድን ሲለኩ አንድ ነገር ግራ አጋባቸው። ሂማልያ አጠገብ ቱንቢ ሲንጠለጠል ተራራው ወደ ራሱ ይስበዋል፤ የሳበው ግን ከተሰላው ያነሰ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ጆን ፕራት እና ጆርጅ ኤሪ ለዚህ የየራሳቸውን ማብራሪያ አቀረቡ። እንደ ኤሪ አባባል ቀለል ያለው የምድር ቅርፊት ከበድ ባለው የታችኛው አለት ላይ ይንሳፈፋል። ጣና ላይ ታንኳ ጭነቱ በበዛ ቁጥር ወደ ውኃው እንደሚጠልቅ ማለት ነው፤ ከተራራው በታች የጠለቀው ክፍል ነው ሥር የሚባለው፤ ቀለል ያለ ስለሆነም ስበቱ ያንሳል። የአህጉር ቅርፊት በአማካይ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይወፍራል፤ ሂማልያና ቲቤት ሥር ግን ወደ 70 ይደርሳል።

እስከዚህ ደስ ይላል። ታዲያ የእኛው የስሜን ተራራስ? ሂማልያ ሁለት አህጉሮች ተጋጭተው የወጣ ተራራ ነው። ስሜን ግን የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቅልጥ አለት እየፈሰሰ፣ ንጣፍ በንጣፍ ላይ ተከመረ። አካባቢው ከፍ እንዲል ከሥር የሚገፋው የጋለ የምድር ውስጥ አካልም ትልቅ ድርሻ አለው። ከዚያ ወንዞች ቆርጠው ቆርጠው ገደሉን ሠሩ። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ ታሪኩን ግን በሥር ብቻ አትጨርሺውም። ከጓደኞችሽ አንዷ ጂኦሎጂ የምታጠና ከሆነች እዚህ ላይ ትይዝሻለች።

ስልክ ላይ የሚዞረው «ተራራ የመሬት መንቀጥቀጥን ይከላከላል» የሚለው ቪዲዮ ደግሞ ይብሳል። ምድር አብዝታ ከምትናወጥባቸው ቦታዎች አንዱ ተራራ ገና እያደገ ያለበት ነው። ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2015 በመጠን 7.8፣ ካሽሚር በ2005 ደግሞ 7.6 ደርሷል። የካሽሚር ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ልጁን ከፍርስራሽ ያወጣ አባት ይህን ቪዲዮ ቢያይ ምን ይላል? ሩቅ ሳንሄድ፣ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ፈንታሌ አካባቢ ስንት ሰው ነው ቤቱን ጥሎ የወጣው!

«ተራሮች እንደ ደመና ያልፋሉ» የሚለውን የሱረቱ አን-ነምል አያም (27:88) ለአህጉር መንሸራተት ማስረጃ የሚያደርጉ አሉ። ከፊቱ ያለውን አያ አንብቢ። ቀንዱ ስለሚነፋበት ቀን ነው የሚያወራው። ኢብን ከሢርን ጨምሮ ብዙ ሙፈሲሮች (የቁርኣን ተንታኞች) የቂያማ (የትንሣኤ) ቀን ነው ብለው ተርጉመውታል።

አሁን ወደ ችካሉ። ሱራውን ከመጀመሪያው ያዢው፤ እባክሽ አንድ መስመር ቆርጠሽ አትሩጪ። የሚጀምረው የመካ ሰዎች ስለ ትንሣኤ እየተጠያየቁ ነው። ከዚያ የሚያውቁትን ይዘረዝርላቸዋል፦ ምንጣፍ፣ ችካል፣ እንቅልፍ፣ ሌሊት፣ ዝናብ። ድንኳን የሚተክል ሰው ችካል ምን እንደሚሠራ አይነገረውም። ይህን ያደረገ እናንተን መቀስቀስ ያቅተዋል? ነው ነገሩ። እዚያው ሱራ ላይ አሥራ ሦስት አያ ዝቅ ስትዪ እነዚያው ተራሮች ተነቅለው ሰራብ (ከሩቅ ውኃ የሚመስል ብልጭታ) ይሆናሉ። የጸናው ችካል ራሱ ይነቀላል። እኔን ሁሌ የሚያስደነግጠኝ ይሄ ነው፤ በቅርፊት ውፍረት ስንሟገት ይህን ዘለን እናልፈዋለን።

ተራራን አይቶ ማሰብ ከፈለግሽ ሱረቱ ፋጢር 27 እና 28ን አብረሽ አንብቢ። ተራሮች ላይ ነጭ፣ ቀይና በጣም ጥቁር መስመሮች እንዳሉ ይናገራል፤ ተከትሎም ከባሮቹ አላህን የሚፈሩት ዐዋቂዎቹ ናቸው ይላል። ተማሪዎቼን ደባርቅ አጠገብ ወዳለው ሊማሊሞ ገደል ስወስድ ይህን አነብላቸዋለሁ። ጥቁሩ ባዛልት ተደራርቦ ይታያል፤ በመሀል ቀላ ያለ መስመር ይገባል፤ አንዱ ፍሰት ከሌላው በፊት ረገብ ብሎ አፈር የሠራበት ነው። ነጩን ግን ፈልጉ እላቸዋለሁ፤ ልጅ ፈልግ ሲባል አይደክምም። ኢብን ሲና ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት ተራራ ወይ በምድር መነሣት፣ ወይ ውኃ ዙሪያውን ቆርጦ ጠንካራውን በመተዉ ይፈጠራል ብሎ ጽፏል። ማንንም ለመርታት አልነበረም፤ ድንጋይ አይቶ ነው።

ለዶርምሽማ እንዲህ በይ፦ «ቁርኣኔ ተራራውን እዪ ይለኛል፤ እንዴት እንደተሠራ ጂኦሎጂ ታስተምረኛለች።» ካልተስማሙ አብራችሁ ሂዱና እዩ። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው መንገድ ላይ ንጣፎቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ጠዋት ሂዱ፣ ጭጋግ ሳይሸፍነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ግን ደባርቅ ያለ ሰው ሳትጠይቁ እንዳትነሡ።