የፒካፑ ቁልፍ

ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነበርኩ። ልጆች ስለ ሙስና ሲጠይቁኝ በፖስታ ስለሚሰጥ ብር የማወራ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ስለ አንድ ፒካፕ ነው የምነግራቸው።

ፒካፑ የምቆጣጠረው ኮንትራክተር ንብረት ነበር። ነዳጁም፣ የማድርበት ቤትም እንደዚያው። ስርቆት አይደለም፤ ውሉ ላይ የተጻፈ፣ በሙያችን የተለመደ ነው። አንድ ቀን የኮምፓክሽን ቴስቱ፣ ማለትም የመንገዱ አፈር በደንብ መጠቅጠቁን የሚያሳየው ፍተሻ፣ ውጤቱ ዝቅ ብሎ መጣ። ድገሙት ማለት ነበረብኝ። ግን በዚያው ሳምንት ልጄ ታምሞ በሌሊት ሾፌር አዝዘው ሆስፒታል ያደረሱልኝ እነሱ ናቸው። ማንም ምንም አላለኝም። ፈረምኩ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ያለቁበትን ቦይንግ 737 ማክስ ታስታውሳላችሁ። ብዙ የተወራው አፍንጫውን ወደ ታች ስለደፋው ሶፍትዌር ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። የአሜሪካ አቪዬሽን ተቆጣጣሪ የሆነውን የኤፍኤኤን ውክልና ይዘው ብዙውን ፍተሻ የሚያጸድቁት፣ ደመወዛቸውን ከቦይንግ የሚቀበሉ መሐንዲሶች ነበሩ። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 መጠይቅ በትኖላቸው፣ ከመለሱት 39 በመቶው ተገቢ ያልሆነ ጫና እንዳለ ተናግረዋል። ሌቦች አልነበሩም። የእነሱም ፒካፕ ነበራቸው ማለት ነው።

ወደ ላይ ሲወጣም ያው ነው። በጊዜው የኤፍኤኤ የደኅንነት ኃላፊ አሊ ባህራሚ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱን ለቀው ለአምራች ኩባንያዎቹ ማኅበር ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ተመልሰው ወንበሩን ያዙ። ሰውዬው ጥፋተኛ ናቸው እያልኩ አይደለም። ባለሙያ ከየት ይምጣ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አውሮፕላን የሚያውቀው አውሮፕላን የሠራ ሰው ነው። ግን የትናንት ባልደረባህን ዛሬ አቁም ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ዓይን አወጣ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ኤፍኤኤ የሮኬት ኩባንያውን ስፔስኤክስን 633,009 ዶላር ልቅጣ አለ። ወራት ሳይቆይ የኩባንያው አለቃ ኢሎን ማስክ የመንግሥትን ወጪና ሠራተኛ የመቀነሱ ዘመቻ ዋና ሰው ሆኖ ብቅ አለ። ቅነሳው ኤፍኤኤንም ነካ። የጥቅም ግጭቱስ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የዋይት ሀውስ መልስ ግጭት ካጋጠመው ራሱ ገለል ይላል የሚል ነበር። እኔም ያኔ ፒካፑ ውስጥ ቁጭ ብዬ ራሴን ብጠይቅ፣ ምንም ግጭት የለም ነበር የምለው።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት እዚህ ላይ አይረዳችሁም። እኔ አንዲት ሳንቲም አልበላሁም።

ስለዚህ ሥራ በገባችሁበት የመጀመሪያ ቀን፣ ማንም ውለታ ሳይውልላችሁ፣ ለአለቃችሁ ደብዳቤ ጻፉ። በምትቆጣጠሩት ኩባንያ አክሲዮን ካላችሁ፣ ዘመድ እዚያ የሚሠራ ከሆነ፣ የማን መኪና እንደምትነዱ ጭምር። ኮፒውን አስቀምጡ። የሆነ ፊርማ ከከበዳችሁ ደግሞ ሌላ ሰው ይፈርመው። ከእኔ ፕሮጀክት 40 ኪሎ ሜትር ርቆ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። ብደውልለት በማግስቱ ይመጣ ነበር። አልደወልኩም። መንገዱ በሦስተኛው ክረምት ሰመጠ።