ቀን የተቆረጠለት መሥሪያ ቤት፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከተለያዩ ከተሞች ቢደርሱንም የሚያነሡት ጉዳይ አንድ ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ የክፍለ ግዛት መሥሪያ ቤቶች በሕግ አውጪው ምክር ቤት በየጊዜው ተመርምረው ዕድሜያቸው የሚታደስበት ወይም የሚዘጉበት አሠራር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ በጋርላንድ፣ ቴክሳስ አነስተኛ የፀጉር ቤት አለኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ባልደረባዬ፣ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠን መሥሪያ ቤት «ሳንሴት» በሚባል ሕግ ቀኑ ደርሶ ሊፈርስ ስለሆነ ፈቃድሽን ለማሳደስ ገንዘብሽን አታባክኚ አለችኝ። የእኔ ፈቃድ የሚያበቃው በሚቀጥለው ወር ነው። ልክፈል ወይስ ልቆይ?

መልስ፦ ይክፈሉ፤ ቀኑንም አያሳልፉ። ባልደረባዎ የነገሩዎት ወሬ ከባዶ የተነሣ ባይሆንም የደረሱበት መደምደሚያ ግን ኪስ የሚጎዳ ስህተት ነው።

የቴክሳስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ1977 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ አብዛኞቹ የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤቶች የሚያበቁበት ቀን በማቋቋሚያ ሕጋቸው ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። «ሳንሴት» ማለት የጀንበር መጥለቂያ ነውና ሕጉ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ዓመቱ የሚመጣ ሲሆን፣ ምክር ቤቱ ከዚያ በፊት የመሥሪያ ቤቱን ዕድሜ የሚያራዝም ሕግ ካላጸደቀ መሥሪያ ቤቱ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 1 ቀን ሕጋዊ ህልውናውን ያጣል። ይፍረስ ብሎ እጅ የሚያወጣ ሰው አያስፈልግም፤ የምክር ቤቱ ዝምታ ራሱ ያፈርሰዋል። እኛ በአገር ቤት የምናውቀው መሥሪያ ቤት አንዴ በአዋጅ ከተቋቋመ ሌላ አዋጅ እስኪሽረው ድረስ የሚቆይ በመሆኑ፣ ይህ ለብዙዎቻችን ግር ቢል አይገርምም።

የእርስዎን ፈቃድ የሚሰጠው የቴክሳስ የፈቃድ አሰጣጥና ቁጥጥር መምሪያ፣ ብዙዎች ቲዲኤልአር ብለው የሚጠሩት፣ ይህን ምርመራ ያለፈው በ2021 ሲሆን ዕድሜውም እስከ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2033 ተራዝሟል። ቀድሞ ለየብቻ ይተዳደሩ የነበሩት የወንዶች ፀጉር አስተካካዮችና የሴቶች የውበት ሥራ ሕጎች ወደ አንድ የተጠቃለሉትም በዚያው የማራዘሚያ ሕግ ነው። ባልደረባዎ የሰሙት ምናልባት የዚያን ጊዜ ወሬ ሳይሆን አይቀርም። ቀኑ ደርሶ ሳይታደስ የቀረ መሥሪያ ቤት ቢኖር እንኳ፣ በዚያው ዕለት በሩ አይዘጋም፤ ሥራውን የሚያጠናቅቅበት አንድ ዓመት ይሰጠዋል።

ሥራዎ ሹሩባ መሥራት ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2015 መጀመሪያ ላይ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ሹሩባ የሚያስተምሩ ሰዎች እንደ ትልልቅ የፀጉር ትምህርት ቤቶች መታጠቢያ ገንዳና የመቀመጫ ወንበር እንዲደረድሩ የሚያስገድደውን ደንብ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ሆኖ ስላገኘው፣ ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት የሹሩባን ፈቃድ ጨርሶ አስቀርቶታል። ይህ ከሳንሴት ጋር አይገናኝም፤ ለማያስፈልግ ፈቃድ እንዳይከፍሉ ያህል ነው ያነሣነው። መቀስና ቀለም የሚነኩ ከሆነ ግን ፈቃዱ ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ሂውስተን የምኖር የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። በ2019 ረዳት ሆኜ ስሠራ አለቃዬ «ቦርዳችን ሊዘጋ ነው» ብሎ በጣም ተጨንቆ ነበር። በኋላ ግን ፈቃድ የሰጠኝ ያው ቦርድ ነው። ሞቷል የተባለ መሥሪያ ቤት እንዴት ተነሣ? መርማሪውስ ማን ነው?

መልስ፦ ከመርማሪው እንጀምር። ሥራው የተሰጠው 12 አባላት ላሉት የሳንሴት አማካሪ ኮሚሽን ሲሆን፣ አምስቱ ሴናተሮች፣ አምስቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት፣ ሁለቱ ደግሞ ከሕዝብ የሚመረጡ ሰዎች ናቸው፤ የሚሾሟቸውም ምክትል ገዥውና የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤው ናቸው። ተረኛው መሥሪያ ቤት በመጀመሪያ ራሱን የሚገመግም ሪፖርት ጽፎ ያቀርባል። ማንም መሥሪያ ቤት ስለ ራሱ ክፉ እንደማይጽፍ የታወቀ ነውና፣ የኮሚሽኑ ባለሙያዎች ከዚያ በኋላ የአቤቱታ መዝገቦችን ያገላብጣሉ፣ ሠራተኞችንና ባለ ፈቃዶችን ያነጋግራሉ፣ አንድ ቅሬታ እልባት እስኪያገኝ ስንት ወር እንደሚፈጅ ይጠይቃሉ። ሪፖርታቸው ለሕዝብ ይፋ ይሆንና በኦስቲን በግልጽ ስብሰባ ላይ ማንም ሰው አስተያየቱን እንዲሰጥ ይደረጋል፤ ኮሚሽኑም ይቀጥል፣ ይሻሻል፣ ከሌላ ጋር ይዋሃድ ወይም ይዘጋ የሚል ሐሳብ ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ከ1977 ወዲህ በዚህ መንገድ የተዘጉትና ከሌላ ጋር የተዋሃዱት መሥሪያ ቤቶች ከ90 በላይ ናቸው።

አሁን ወደ እርስዎ ቦርድ እንምጣ። በ2019 የኮሚሽኑ ሐሳብ የቧንቧ ሠራተኞች ቦርድ ተዘግቶ ሥራው ወደ ቲዲኤልአር እንዲዛወር ነበር፤ በፈቃድ አሰጣጥ ረገድ ቦርዱ እጅግ ዘገምተኛ ነው የሚል ወቀሳም ቀርቦበታል። ብዙ የቧንቧ ሠራተኞች ሐሳቡን ተቃወሙ፤ በስብሰባው ማብቂያ ላይም ረቂቁ በተወካዮች ምክር ቤት ወደቀ። ችግሩ ግን ከረቂቁ ጋር የቦርዱ ማራዘሚያም አብሮ መውደቁ ነው። የቴክሳስ ምክር ቤት መደበኛ ስብሰባውን የሚያደርገው በሁለት ዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ለ140 ቀናት ነውና፣ በሜይ መጨረሻ ያመለጠ ረቂቅ ልዩ ስብሰባ ካልተጠራ በስተቀር እስከ 2021 መልሶ አይገኝም። በዚህም የተነሣ ቦርዱ ብቻ ሳይሆን የቧንቧ ሥራን የሚገዛው ሕግ ራሱ ሊያበቃ ሆነ። የአለቃዎ ጭንቀት እንግዲህ ከንቱ አልነበረም።

ገዥው ግሬግ አቦት ምክር ቤቱን ለልዩ ስብሰባ አልጠሩም። ከዚያ ይልቅ በ2017 ሂውስተንን ያጥለቀለቀው የሐርቪ አውሎ ነፋስ ያደረሰው ጉዳት ገና ተጠግኖ አለማለቁንና ለጥገናውም ፈቃድ ያላቸው የቧንቧ ሠራተኞች አስፈላጊ መሆናቸውን ምክንያት በማድረግ፣ በአደጋ ጊዜ ሥልጣናቸው ጁን 13 ቀን 2019 ትዕዛዝ ሰጥተው የቦርዱን ዕድሜ እስከ 2021 አቆዩት፤ ምክር ቤቱም በ2021 ሲሰበሰብ ቦርዱ እንዲቀጥል በሕግ አጸደቀ። ቦርዱን ማትረፉ ለሠራተኛው በጎ እንደ ነበር አንክድም፤ ሆኖም አስፈጻሚውን አካል እንዲቆጣጠር የተዘረጋ የሕግ አውጪው አሠራር በአስፈጻሚው ፊርማ መታለፉ፣ ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ የማይዋጥ ነገር ሆኖ ቆይቷል።

የዚህ አሠራር ጉልበትም ድካምም የሚመነጨው ከዚያው ከቀኑ ነው። ቀን ስለተቆረጠ ምክር ቤቱ ሳይወድ በግዱ መሥሪያ ቤቱን ይመለከታል፤ ነገር ግን የግድ መጽደቅ ያለበት ረቂቅ ለሌላ ዓላማ መያዣ ይሆናል። በ2017 የሐኪሞችን ፈቃድ የሚሰጠው የቴክሳስ የሕክምና ቦርድና አራት ሌሎች ቦርዶች የሚታደሱበት ረቂቅ ሴኔቱን በሚመሩት በምክትል ገዥው በዳን ፓትሪክና በተወካዮች ምክር ቤት መካከል በሌሎች ሕጎች ላይ በተነሣው ፍጥጫ መሐል ቀርቶ፣ ገዥው ጁላይ 18 ቀን የሚጀመር ልዩ ስብሰባ ለመጥራት ተገድደዋል። ከዚህ ፍጥጫ ጋር ሐኪሞቹም ሕመምተኞቹም ምንም ጉዳይ አልነበራቸውም።

ምርመራ ተደርጎም ምክር ቤቱ ምክሩን ላይሰማ ይችላል። በ1891 የተቋቋመው የቴክሳስ የባቡር ኮሚሽን ዛሬ የሚቆጣጠረው ነዳጅና ጋዝ ነው፤ የመጨረሻዎቹ የባቡር ኃላፊነቶቹ የተወሰዱበት በ2005 ነው። ሕዝቡ እንዳይደናገር ስሙ ይቀየር የሚል ሐሳብ በሳንሴት ምርመራ በተደጋጋሚ ቢቀርብም፣ መሥሪያ ቤቱ ያለ አንዳች ባቡር እስከ ዛሬ የባቡር ኮሚሽን እንደተባለ አለ።

ጥያቄ፦ የምኖረው በኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። እዚህስ ይህ አሠራር አለ? እንደ እኔ ያለ ተራ ባለ ፈቃድ የሚጽፈውን ደብዳቤ የሚያነብስ ይኖራል?

መልስ፦ አለ፤ እንዲያውም እንዲህ ያለውን ሕግ በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣችው በ1976 ኮሎራዶ ናት፤ ቴክሳስ የተከተለቻት በዓመቱ ነው። በእናንተ ዘንድ ጥናቱን የሚያካሂደው የክፍለ ግዛቱ የቁጥጥር ኤጀንሲዎች መምሪያ ሲሆን፣ ዋነኛ ጥያቄውም ይህ ሙያ ቁጥጥር ባይደረግበት ሕዝቡ ይጎዳል ወይ፣ ከተጎዳስ ከአሁኑ ቀለል ያለ ቁጥጥር አይበቃም ወይ የሚል ነው።

ስለ ደብዳቤው፣ የአጥኚዎቹ ሥራ ማስረጃ መሰብሰብ እንደ መሆኑ የሚጠቅማቸው ቁርጥ ያለ ነገር ነው። «ቢሮው ያንገላታል» ብለው ከመጻፍ ይልቅ ማመልከቻዎን ያስገቡበትን ቀን፣ መልስ የመጣበትን ቀን፣ ከአገር ቤት ያመጡትን የትምህርት ማስረጃ ስንት ጊዜ በድጋሚ እንደተጠየቁና ለትርጉም ስንት እንደከፈሉ ይጻፉ፤ የደረሰኙን ቅጂም ያያይዙ። የሙያዎ ተራ መቼ እንደሆነ በፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሕግ ላይ ተጽፏል፤ ደብዳቤው ዋጋ የሚኖረው ሪፖርቱ ተጠናቅቆ ለምክር ቤቱ ከመቅረቡ በፊት ሲደርስ ነውና፣ ቢያንስ ከዓመት በፊት ቢልኩት ይመረጣል።