ቡናውን ከመክሰሳችሁ በፊት

እህቴ፣ የሰባ ዓመት እናትሽ ልባቸው አንዳንዴ ያለ ምክንያት እየዘለለ እንደሚያስጨንቃቸው፣ ከክሊኒክም «ቡና ይተዉ» ተብለው ብቻ እንደተመለሱ ጽፈሽ፣ ሌላ ምን ልማድ መቀየር እንዳለባቸው ጠይቀሻል። የአባቴም ነገር ቁርጥ ይኸው ስለነበር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

1. መጀመሪያ በሽታው ይታወቅ። ምቱ የሚዛባው መጣ ሄድ እያለ ከሆነ፣ ልብ ረጋ ባለበት ሰዓት የተነሣ ኢሲጂ (የልብን ምት ለአፍታ በወረቀት ላይ የሚያሰፍረው ምርመራ) ምንም ላያሳይ ይችላል። አባቴን ያዩት ሐኪም ግን ያችን አንዲት ወረቀት ይዘው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ «እርጅና ነው፤ ቡና ይቀንሱ» ብለው ሸኙን። ደረት ላይ ተለጥፎ ሃያ አራት ሰዓትና ከዚያም በላይ ምቱን የሚመዘግብ ሆልተር የሚባል መሣሪያ እንዳለ ቢነግሩን ምን ነበረበት? በኋላ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደን ጉዱን ያወጣው ይኸው መሣሪያ ነው፤ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን። የልብ የላይኛው ክፍል በወጉ መኮማተሩን ትቶ ስለሚርገበገብ ደም እዚያው ይረጋል፤ የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። የስትሮክን ዕድል አምስት እጥፍ ያህል የሚያሳድግ ሕመም «እርጅና» ተብሎ ይሸኛል?

2. ቡናውን በደፈናው አትከልክያቸው። መጠነኛ ቡና አብዛኛውን ሰው በዚህ ረገድ እንደማይጎዳ በጥናት ታይቷል፤ በጠጡ ቁጥር የሚነሣባቸው ከሆነ ይተዉት። አባቴ ከቶና ተከልክለው፣ ማታ ማታ «ለሆድ» እያሉ ስለሚጎነጯት አረቄ የጠየቃቸው አልነበረም! አልኮል ግን የታወቀ ቀስቃሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ የአውስትራሊያ ጥናት፣ አዘውትረው ይጠጡ ከነበሩ ሕሙማን መካከል መጠጥ እንዲያቆሙ ከተደረጉት 53 በመቶ፣ ከቀጠሉት ደግሞ 73 በመቶ ሕመሙ ተመልሶባቸዋል። አባቴን አረቄ ያስተዋቸው የእኔ ልመና ሳይሆን ይህ ቁጥር ነው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸውና።

3. እንቅልፍ። ሁለተኛው ሐኪም «ያንኮራፋሉ?» ሲሉ አባቴ «በፍጹም!» አሉ፤ እናቴን ከጎን ሳቋ አመለጣት። ለካ ሌሊት ትንፋሻቸው ቆም ይልና እያቃሰቱ ይነቃሉ። ይህ የትንፋሽ መቋረጥ፣ ከደም ግፊትና ከውፍረት ጋር ሲደመር፣ ምቱን ከሚያዛቡት ዋና ዋናዎቹ አንዱ ነው። እናትሽን ሳይሆን አብሯቸው የሚያድረውን ሰው ጠይቂ። የወጡን ጨው ስለመቀነስና ስለ እግር ጉዞ ሰምተሻል፤ አልደግመውም።

ከተራ ቁጥሩ ውጭ አንድ ነገር ልጨምር፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን የሚባል ክኒን ከታዘዘላቸው ከጎመን ተጠንቀቂ። ዐቢይ ጾም ገብቶ አባቴ ጎመን በየቀኑ ሲበሉ፣ ከ2 እስከ 3 መሆን የነበረበት፣ መድኃኒቱ ምን ያህል እንደሠራ የሚያሳየው የደም ምርመራ ውጤታቸው (አይኤንአር) ወርዶ ተገኘ። የላቦራቶሪዋ ሠራተኛ በመስኮቱ በኩል፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ፣ «መድኃኒታቸውን የሚሰጣቸው ሰው የለም እንዴ?» አለችኝ። ክኒኑን በየምሽቱ በእጄ የማውጠው እኔ! ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል፤ ይህን ግን ከእሷም ሆነ ከፋርማሲው አልሰማሁም። ጎመኑን ማስተው አያስፈልግም፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ። ጾም ሲገባም ሲፈታም የደም ምርመራው ቀን እንዲቀርብላችሁ ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪ።