«ኮሚቴው ጠራቸው» ሲባል ምን ማለት ነው?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይመካከሩ፣ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ተገናኝተዋል። አንዱ ከአዘዞ፣ ሁለተኛው ከማራኪ፣ ሦስተኛው ከደባርቅ የተላኩ ሲሆን፣ ሁሉም የሚጠይቁት የሕግ አውጪ ምክር ቤት ኮሚቴዎች ባለሥልጣንን ጠርተው ሲጠይቁ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚገኝበት ነው። ስለሆነም የዛሬውን አምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። በሠራዊቱ ውስጥ ለረጅም ዓመታት አገልግዬ አሁን በጡረታ አዘዞ የምኖር ሰው ነኝ። የጤናና የትምህርት ሚኒስቴሮች በቋሚ ኮሚቴ ፊት ሲጠየቁ በቴሌቪዥን አያለሁ። የመከላከያ ግን ብዙም አይታይም። ምክር ቤቱ መከላከያን የመጠየቅ ሥልጣን የለውም ወይስ በር ዘግቶ ነው የሚጠይቀው?

መልስ፦ ሥልጣኑስ አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 7 የአገር መከላከያ፣ የደኅንነትና የፌዴራል ፖሊስ ኃይልን አደረጃጀት የመወሰን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል፤ የጦርነት አዋጅም የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያቀርበው ሐሳብ መሠረት የሚታወጀው በዚሁ ምክር ቤት ነው። ንዑስ አንቀጽ 17 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ መጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር መመርመር ይፈቅዳል። እርስዎ እንደሚያውቁት የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል መሆን አለበት ተብሎ በአንቀጽ 87 የተደነገገውም ሠራዊቱ በፖለቲካ ኃላፊነት ስም ለሚጠየቅ ሰው ተጠሪ እንዲሆን ነው።

መድረኩ በተግባር ምን እንደሚመስል ደግሞ በዚያ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። ተቋሙ የስድስት ወይም የዘጠኝ ወር የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርቱን አስቀድሞ በጽሑፍ ይልካል። በቀጠሮው ቀን ሚኒስትሩ ከሚኒስትር ዴኤታዎቹና ከክፍል ኃላፊዎቹ ጋር በአንድ ወገን ይቀመጣሉ፤ ሪፖርቱ ይነበባል፣ የኮሚቴው አባላት ጥያቄያቸውን በተራ ይደረድራሉ፣ ከዚያም መልሱ በአንድነት ይሰጣል። በመጨረሻ ሰብሳቢው ግብረ መልስ ይሰጣሉ፤ አስቀድመው «በጥንካሬ የታዩትን»፣ ቀጥለው «ሊስተካከሉ የሚገባቸውን» ይዘረዝራሉ። በእኔ ግምት የዚህ አካሄድ ትልቁ ድክመት ጥያቄዎች ተጠራቅመው በአንድ ጊዜ መመለሳቸው ነው፤ አሥር ጥያቄ በተርታ የቀረበለት ባለሥልጣን ሰባቱን በሰፊው መልሶ ሦስቱን በዝምታ ቢያልፋቸው ከአዳራሹ የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው።

በር ስለመዘጋቱ ለጠየቁት፣ መርሁ ግልጽነት ነው። አንቀጽ 58 የምክር ቤቱ ስብሰባዎች በግልጽ እንደሚካሄዱ ይደነግጋል፤ በዝግ የሚካሄዱት አባላቱ ወይም አስፈጻሚው ሲጠይቁና ከግማሽ በላይ የሆኑ አባላት ሲደግፉት ብቻ ነው። የወታደር አሰፋፈር ወይም የመሣሪያ ዝርዝር በካሜራ ፊት እንደማይወራ ማንም ይረዳዋል። በአሜሪካ ሴኔት የጦር ኃይሎች ኮሚቴ ብዙ ጊዜ የሚጠቀምበት መንገድ መሐል ላይ ያለ ነው፤ ጄኔራሎቹ መጀመሪያ በይፋ ይጠየቃሉ፣ ምሥጢር የሆነው ቀርቶ ቀጥሎ በሚደረገው ዝግ ስብሰባ ይመለሳል። የዚህ ጥቅሙ «ይህን በዝግ እመልሳለሁ» የሚለው ቃል ራሱ በይፋ መመዝገቡ ነው፤ ጥያቄው መነሣቱን ሕዝብ ያውቃል።

አንድ ነገር ግን መለየት ያስፈልጋል። ስለ ጸጥታ በሚወሰኑ ከባድ ጉዳዮች ላይ ድምፅ የሚሰጠው ጠቅላላው ምክር ቤት እንጂ ኮሚቴ አይደለም። ለእኛ ቅርብ የሆነውን ለመጥቀስ፣ በአማራ ክልል ተፈጻሚ እንዲሆን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ያወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ምክር ቤቱ በዕረፍት ላይ ስለነበር በአንቀጽ 93 የ15 ቀን ገደብ ውስጥ ነሐሴ 8 ቀን በልዩ ስብሰባ ቀርቦ ጸድቋል። ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ ገደቡ 48 ሰዓት ብቻ ነበር። ይኸው አንቀጽ መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም ያዛል፤ በእንዲህ ያለ ወቅት የመጠየቁ ሥራ በዋናነት የሚወድቀው በዚያ ቦርድ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በአሜሪካ ኮንግረስ ስለ ኢትዮጵያ «ሂሪንግ» ተደረገ ሲባል ሰው ሁሉ ያወራል፤ ቤተሰቦቼም «ኤች አር 128» የሚባለውን እስከ ዛሬ ያነሣሉ። ያ ሕግ ነበር? የእኛስ ምክር ቤት በውጭ ጉዳይ ላይ ተመሳሳይ መድረክ አለው?

መልስ፦ ሕግ አልነበረም። «ኤች አር 128» በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ሚያዝያ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ያለ ተቃውሞ በድምፅ ያለፈ፣ በኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት እንዲከበርና አሳታፊ አስተዳደር እንዲኖር የሚጠይቅ የአቋም መግለጫ ነው። ሴኔቱ ያላጸደቀው፣ ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ያልተላከ፣ ማንንም በሕግ የማያስገድድ ሰነድ ነበር። ወደዚያ የደረሰው ግን በኮሚቴ በኩል ነው፤ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴው አይቶት ነው ለጠቅላላው ምክር ቤት የቀረበው። የዚያ አገር ኮሚቴ ምስክር ሲጠራ፣ ምስክሩ ቃሉን አስቀድሞ በጽሑፍ ያስገባል፣ ከዚያም አጠር አድርጎ ያቀርባል፤ እያንዳንዱ አባል በአብዛኛው አምስት ደቂቃ ተሰጥቶት ጥያቄና መልሱን አንድ በአንድ ይቀባበላል። ለመቅረብ እምቢ ያለን ሰው ኮሚቴው በግዴታ መጥሪያ ሊያስገድደው ይችላል። ሴናተር ፉልብራይት የሚመሩት የሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ቬትናም ጦርነት ያካሄደው በቴሌቪዥን የተላለፈ ምርመራ ዛሬም ድረስ በምሳሌነት የሚጠቀሰው፣ ፕሬዚዳንቱና የኮሚቴው ሰብሳቢ የአንድ ፓርቲ ሰዎች ሆነው ሳሉ የተካሄደ በመሆኑ ነው። ጦርነቱን በማግሥቱ አላስቆመውም። ይሁን እንጂ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ዲን ራስክን በሕዝብ ፊት መልስ እንዲሰጡ አድርጓል።

የእኛ ምክር ቤት የውጭ ግንኙነትና የሰላም ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ አለው፤ ከላይ ለአዘዞው አንባቢያችን የገለጽነው ዓይነት መድረክም ያካሂዳል። ሁለት ልዩነቶች ግን አሉ። የመጀመሪያው በሹመት ላይ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ የአሜሪካ አምባሳደር በሴኔቱ ኮሚቴ ፊት ተቀምጦ ሳይጠየቅ ሹመቱ አይጸድቅም፣ የእኛ አምባሳደሮች ግን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በፕሬዚዳንቱ ይሾማሉ እንጂ በኮሚቴ አያልፉም። ሁለተኛው በስምምነት ማጽደቅ ላይ ነው፤ እዚያ የሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፣ እዚህ አስፈጻሚው የፈረመውን ስምምነት ምክር ቤቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 መሠረት በአዋጅ ያጸድቀዋል።

ማጽደቅ ወግ ማሟያ ብቻ እንዳይመስልዎ። ጣና ዳር ላለ ሰው ከሚቀርበው ልነሣ፤ የአባይ ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት በግንቦት 2002 ዓ.ም. እንቴቤ ላይ ለፊርማ ቀረበ፣ ምክር ቤታችን በሰኔ 2005 ዓ.ም. አጸደቀው፣ ሥራ ላይ የዋለው ግን የሚያስፈልገው የአጽዳቂ አገሮች ቁጥር ተሟልቶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። ስምምነቱ የተፈረመበት ቀን ብቻ ቢቆጠር ኖሮ ይህ ሁሉ ዓመት ምን ሲጠበቅ እንደነበር ሊገባን አይችልም ነበር።

ጥያቄ፦ በደባርቅ የቱሪስት አስጎብኚ ነኝ። የፓርላማ ኮሚቴ ስሜን ተራሮችን ሊጎበኝ ይመጣል ሲባል ሰው ይሰበሰባል፣ ይናገራል፣ ከዚያ ነገሩ ይረሳል። ፓርኩን «አደጋ ላይ ነው» ያለውና ያነሣውም ያው ኮሚቴ ነው ወይ? እኛ የምንናገረውስ የት ይደርሳል?

መልስ፦ ከሦስቱ ጥያቄዎች በጣም የወደድኩት ይህን ነው፤ ሁለት የተለያዩ ኮሚቴዎች በአንድ ስም ተጠቅልለው ስለቀረቡ መፍታት ይኖርብናል። ስሜን ተራሮችን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ያስገባውና በ2017 ያወጣው በዩኔስኮ ሥር ያለው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ነው። ይህ ከአባል አገሮች የተውጣጣ እንጂ በማንም አገር ሕግ አውጪ ያልተቋቋመ አካል ነው። የጠየቀው የተወሰነ ነገር ነበር፤ ልቅ ግጦሹ እንዲቀንስ፣ ወሰኑ እንዲከለስ፣ ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን የሚሄደው መንገድ ከፓርኩ ውስጥ ተነሥቶ ሌላ መስመር እንዲይዝ። በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከዚያ መውጣትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ታሪክ ነው። የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ማንንም ማዘዝ አይችልም፤ ነገር ግን ጥያቄው በጽሑፍ የሰፈረ፣ ቁጥር ያለው፣ በየዓመቱ «ምን ደረሰ?» ተብሎ የሚጠየቅበት ስለነበር መንግሥታት ቢለዋወጡም ጥያቄው አልተለወጠም።

ወደ ደባርቅ ለምልከታ የሚመጣው የተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ሌላ ነው። ፓርኩን የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ኮሚቴው የሚመጣው የዚያን መሥሪያ ቤት ሥራ በዓይኑ አይቶ ሪፖርት ለመጻፍ ነው። ከባሕር ዳር የክልሉ ምክር ቤት ኮሚቴም ሊመጣ ይችላል፤ ያ ደግሞ የሚጠይቀው የክልሉን ቢሮዎች ነው። የትኛው እንደመጣ ሳይጠይቁ ቅሬታ ማቅረብ ለወረዳው የሚሆነውን ማመልከቻ ለዞኑ እንደ መስጠት ነው።

እኔ ከዓመታት በፊት እንዲህ ባለ መድረክ ላይ ተገኝቻለሁ። አዳራሹ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮበት፣ ከፊት ረጅም ጠረጴዛ ላይ የታሸገ ውኃ ቆሞ ነበር። ጋቢያቸውን ያጣፉ አንድ አዛውንት ማይክሮፎኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ስለ ግጦሽ መሬታቸው ተናገሩ፤ ስንት ጥማድ እንደነበር፣ በየትኛው ወንዝ እንደሚዋሰን፣ ለካሳ ማን መጥቶ እንደለካ፣ ምን ያህል ተብሎ ምን ያህል እንደተሰጣቸው። ሰው አጨበጨበላቸው። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ መጀመሪያ ላይ እየጻፈች ቆይታ ንግግሩ ሲረዝም ብዕሯን አስቀመጠች። ቆይቼ ቃለ ጉባኤውን ሳየው የእኒያ ሰው ንግግር አንድ መስመር ሆኖ አገኘሁት፤ «ካሳን በተመለከተ ከተሳታፊዎች አስተያየት ተሰጥቷል።» ልኬቱም፣ ወንዙም፣ ገንዘቡም የለም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የምንለውን እኛው ራሳችን በየመድረኩ እንረሳዋለን።

ስለዚህ «የት ይደርሳል?» ላሉት፣ የሚደርሰው ቃለ ጉባኤው እስከደረሰበት ድረስ ነው። ኮሚቴው ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ የመስክ ሪፖርት ያዘጋጃል፤ ከሪፖርቱ የወጡ ነጥቦች ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በግብረ መልስ ይላካሉ፣ በሚቀጥለው የአፈጻጸም ግምገማ ላይም መሥሪያ ቤቱ ምን እንዳደረገ ሊጠየቅባቸው ይችላል። በሪፖርቱ ያልገባ ነገር ግን በግምገማው ላይ አይነሣም። የዋና ኦዲተር ግኝት የተሻለ ጉልበት የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህን ያህል ገንዘብ፣ በዚህ ዓመት፣ ያለ ደረሰኝ ተብሎ ስለሚጻፍ የሚመልሰው ሰው መሸሻ የለውም።

በአሜሪካም የተፈጥሮ ሀብት ኮሚቴዎች አንዳንድ ጊዜ ከዋና ከተማው ወጥተው ፓርኩ ወይም ደኑ ባለበት ከተማ መድረክ ይከፍታሉ። እዚያ ምስክሩ ቃሉን በጽሑፍ ስለሚያስገባ ንግግሩ ቢያጥርም ጽሑፉ ከመዝገቡ ጋር ይታተማል። እኛም ይህን ለማድረግ የሚከለክለን ሕግ የለም። እንዲያውም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ንዑስ አንቀጽ 3 ሕዝብ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ዕቅድና አፈጻጸም ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይናገራል።

ሌላው የተሻለ ጊዜ አዲስ ረቂቅ አዋጅ ሲወጣ ነው። ረቂቁ በመጀመሪያ ንባብ ቀርቦ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ሲመራ፣ ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየት መስጫ መድረክ ሊጠራ ይችላል፤ ቃል ገና ሳይደርቅ የሚስተካከልበት ጊዜ ይህ ነው። ከጸደቀ በኋላ የሚሰማ አቤቱታ ወደ ማስፈጸሚያ መመሪያ እንጂ ወደ አዋጁ አይደርስም።

እርስዎም የማኅበራችሁን ጉዳይ በአንድ ገጽ ጻፉት፤ ቦታውን፣ ዓመቱን፣ የጠየቃችሁትን መሥሪያ ቤትና የተሰጣችሁን መልስ ጨምሩበት። በመድረኩ ላይ ሁለት ደቂቃ ብቻ ተናገሩና ጽሑፉን ለሰብሳቢው ስጡ። ሌላውን ቅጂ ወደ ኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ስትልኩ በመዝገብ ቤት በኩል ገቢ አስደርጉት፣ ቀሪው ላይም ቀኑንና ማኅተሙን ሳታስመቱ እንዳትወጡ።